«እንጉዳይ ከፈረንጅ ዛፍ ጋር ነው የመጣው» ለምትሉኝ ሁሉ

ክረምት ገብቶ ደሴ ዙሪያ ፓቱላ የሚባለው የፈረንጅ ዛፍ በተተከለባቸው ተዳፋቶች ላይ ቡናማው እንጉዳይ ብቅ ብቅ ሲል፣ ችግኝ ሊወስድ የሚመጣው ሁሉ አንድ ፍርድ ይዞ ይመጣል፦ «ይሄ ፈንገስ የሚሉት ጣጣ በአገራችን አልነበረም፤ ከፈረንጅ ዛፍ ጋር ነው የገባው። በእኛ ጥድ ሥር መቼ አይታችሁት ታውቃላችሁ?» ገበሬው ቢለው አይገርመኝም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። ደሜን የሚያፈላው ዲፕሎማውን ይዞ ያንኑ የሚደግመው ባለሙያ ነው። ዕድሜዬን በችግኝ ጣቢያ የጨረስኩ ሰው ነኝና ዛሬ ከነንዴቴ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ላሳልፍ።

«መብረቅ የወደቀበት ቦታ ይበቅላል።» መብረቁም እንጉዳዩም የሚመጡት በዝናብ ወራት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ዝምድና አትፈልጉላቸው።

«እንጉዳይ ተክል ነው።» አይደለም። የዘር ሐረጉ ከእንስሳት ጋር ይቀራረባል። የሕዋሱ ግድግዳ የአንበጣና የጥንዚዛ ቅርፊት ከተሠራበት ከካይቲን ነው፤ ስንቁንም እንደ እኛ ጉበት በግላይኮጅን መልክ ያስቀምጣል። ሮበርት ዊታከር እ.ኤ.አ. በ1969 ፈንገሶችን ከተክልም ከእንስሳም ለይቶ ለብቻቸው አንድ ኪንግደም (ትልቅ የሕያዋን ክፍል) አድርጎ ከመደባቸው ስንት ዘመን አለፈ!

«ከብት ከበላው ለሰው አይጎዳም።» ይጎዳል። አማኒታ ፋሎይድስ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይ መርዙ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙ የሚጀምረውም ከተበላ ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ ሰው «ይኸው ደህና ነኝ» እያለ ጉበቱ ይበላሻል። ከዱር መልቀም ካማራችሁ ከልጅነቱ ጀምሮ እየበላው ካደገ ሰው ጋር ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው።

እንጉዳይ የአንዳንድ ፈንገስ ፍሬ ነው እንጂ ፈንገሱ ራሱ አፈር ውስጥ ነው፤ በጥድና በወይራ ሥር እንጉዳይ ስላልታየ ፈንገስ የለም ማለት አይደለም። የጥድ፣ የወይራና የዝግባ ሥር ውስጥ የሚኖረው ፈንገስ ዣንጥላ የሌለው ወገን ነው። ከመሬት በላይ አይወጣም፤ ኑሮውም መራቢያውም እዚያው አፈር ውስጥ ነው። ተማሪ ሳለን የጥድ ቀጭን ሥር በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሙቀን፣ ሰማያዊ ቀለም አጠጥተን በማይክሮስኮፕ አይተነዋል። በሕዋሶቹ ውስጥ ቅርንጫፉ የበዛ፣ እጅግ ደቃቅ ዛፍ የመሰለ ነገር ቁጭ ብሏል። ፈንገሱ ፎስፈረስ የሚያቀብለው፣ ዛፉም በለውጡ ስኳር የሚሰጠው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «በእኛ ጥድ ሥር የለም» የሚለኝን ሰው በትዕግሥት መስማት ይከብደኛል።

ዕድሜውን ደግሞ ስሙ። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በምትባል መንደር፣ 407 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ድንጋይ ውስጥ አግላኦፊተን የተባለ ተክል ቅሪት ተገኝቷል። ቅጠል የለውም፣ እውነተኛ ሥር የለውም፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አያልፍም። ግንዱ ውስጥ ግን ያው እኛ በጥድ ሥር ያየነው ባለቅርንጫፍ ነገር አለ። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ የተገኙት የዚሁ ወገን ስፖሮች (ፈንገስ እንደ ዘር የሚራባባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች) ደግሞ ወደ 460 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋሉ። ከጥንታውያኑ ደኖች አንዱ የሆነው፣ ኒው ዮርክ ግዛት ካይሮ በምትባል ከተማ አጠገብ የተገኘው የደን ቅሪት ዕድሜው 385 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ቁጥሮቹን አሰልፏቸው፦ ፈንገሱ ቀድሞ፣ ሥር የሌለው ተክል ተከትሎ፣ ደን በመጨረሻ። እናንተ ግን ዛፉ በሰላም ቆሞ ሳለ ፈንገስ መጥቶ የለከፈው አስመስላችሁ ታወራላችሁ።

ታዲያ መጤው የቱ ነው? በዓይናችሁ የምታዩት! እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላችሁ፤ ክርክሩን የሚያከርረውም ይኸው ግማሽ እውነት ነው። ፓቱላ የሜክሲኮ ዛፍ ነው። ፓቱላ ያለበት የፓይነስ ወገን በጠቅላላ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዘር ሲሆን፣ በተፈጥሮው ከምድር ወገብ አልፎ የተገኘው ሱማትራ ላይ ብቻ ነው። በእኛ ደጋ ፈጽሞ አልነበረም። ሥሩን የሚያለብሰው ፈንገስም አብሮት የኖረ ነው፤ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ድንጋይ ሁለቱ እንደተያያዙ ተገኝተዋል። ፓይነስ በተተከለበት አገር ሁሉ ተከትሎት የሚሄደውን ሱይለስ የሚባል እንጉዳይ ገልብጣችሁ እዩት፦ ከላይ ሲነኩት ያሙለጨልጫል፣ ከሥሩ እንደ ሌላው እንጉዳይ ስስ ስስ ንጣፍ ሳይሆን በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ቢጫ ስፖንጅ ነው። ባሕር ዛፍም በምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ የራሱ ተከታዮች አሉት፤ ፒሶሊተስ የሚባለው ከአውስትራሊያ ወጥቶ ባሕር ዛፍ የደረሰበት ብዙ አገር ደርሷል።

ይህን ሰምታችሁ ደግሞ «ዣንጥላ ያለው ሁሉ መጤ ነው» እንዳትሉኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው ወርዳችሁ ኩይሳ ካለበት፣ ዝናብ ካረፈ በኋላ የሚወጣውን እንጉዳይ በጥንቃቄ ቆፍሩት። ሥር የሚመስል ረጅም ጭራ ይኖረዋል፤ እሱን ተከትላችሁ ብትወርዱ ምስጡ ራሱ ከሚያለማው የፈንገስ እርሻ ትደርሳላችሁ። ምስጥ እርሻ የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ወደ እስያ የተሻገረው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ከዚህ በላይ ያገር ልጅ ከወዴት ይምጣ?

ሁለተኛው የሚያቃጥለኝ አባባል ይሄ ነው፦ «ስፖር በነፋስ ስለሚሄድ የትም አንድ ነው፤ በችግኝ አፈር ላይ የደን አፈር መቀየጥ ትርፍ ድካም ነው።» ስፖር በነፋስ ይሄዳል፤ አብዛኛው ግን ከእናቱ ጥቂት ሜትር ሳይርቅ ይወድቃል። ሩቅ የደረሰውም የሚስማማውን ሥር ካላገኘ ይሞታል። በጥድ ሥር የሚኖረው ዣንጥላ የሌለው ፈንገስ ደግሞ ስፖሩ ትልልቅ ነው፣ ያለውም አፈር ውስጥ ነው፤ ጉዞው በአብዛኛው በጎርፍ፣ በእንስሳትና በሰው እጅ ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ችግኝ ጣቢያ ይህን ንቆ ፓቱላ በአሸዋና በፍግ ብቻ አፈላ። ችግኙ ቢጫ ሆነ፣ ጫፉ ወደ ወይን ጠጅ አደላ፣ ማደጉንም አቆመ። ዩሪያ ጨመሩ። አልሆነም። ከዚያ የባሰውን አደረጉ፤ «ፈንገስ ይዞታል» ብለው ጸረ ፈንገስ መድኃኒት ረጩበት። የጎደለው ያው ፈንገስ ነበር! ከቆየ የፓቱላ ተክል ሥር አፈር በጆንያ አስመጥተን በከፊሎቹ መደቦች ላይ በተንን። ከወራት በኋላ አረንጓዴው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ከሩቅ ይለይ ነበር። አዲስ ግኝትም አይደለም፤ ፓይነስ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች መጀመሪያ ሲመጣ ከነባር ተክል ሥር አፈር እስኪመጣለት ድረስ አልበቅል ብሎ አስቸግሯል።

በሰው እጅ የሚጓዘው ጠቃሚው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ኬፕታውን ውስጥ ዛፍ ከሥሩ የሚያበሰብስ አርሚላሪያ ሜሊያ የሚባል የአውሮፓ ፈንገስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1652 የሰፈሩት ሆላንዶችና ተከታዮቻቸው ከአውሮፓ ባስመጡት ተክል ሥር ተጣብቆ እንደገባ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎም እዚያው ዛፍ ይገድላል። ከውጭ አገር አበባ ከነአፈሩ በሻንጣ ደብቃችሁ የምታመጡ፣ እባካችሁ ተዉ።

ጦሳ ተራራ ላይ ጥድና ወይራ ተክላችሁ አልይዝ ያላችሁ ደግሞ ዝናቡን ብቻ አትውቀሱ። ላይኛው አፈር በጎርፍ ሲሄድ ፈንገሱም አብሮት ሄዷል። ለአገር በቀል ችግኝ የፓቱላ ሥር አፈር አይረባውም፤ የጥድን ከጥድ፣ የወይራን ከወይራ ሥር ውሰዱ። ያረጀ ጥድና ወይራ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመስጊድና በመካነ መቃብር አካባቢ ይገኛል፤ አስፈቅዳችሁ፣ ከግንዱ ራቅ ብላችሁ፣ ቀጫጭን ሥር ካለበት ከላይኛው አፈር ጥቂት ብቻ ዝገኑ። ጉድጓዱን ድፈኑት። አፈሩን ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ እሳትም አታሳዩት፤ እርጥበቱን እንደያዘ ጥላ ውስጥ አቆዩትና ሳይውል ሳያድር ቀይጡት።