የቴሌኮም አክሲዮን እንደ ረጅም ጊዜ መዋዕለ ንዋይ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኩባንያውን 10 በመቶ ድርሻ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ አቀረበ። ግዢው የሚፈጸመው በቴሌብር ሲሆን፣ ዝቅተኛው መጠን 9,900 ብር የሚያወጣ 33 አክሲዮን፣ ከፍተኛው ደግሞ 3,333 አክሲዮን ነበር። እስከ የካቲት 7 ቀን በተራዘመው የሽያጭ ጊዜ 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮኖች ተሸጠው 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ተሰብስቧል።

ዋጋው ሲሰላ፣ 300 ብሩ በጠቅላላው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ሲባዛ ኩባንያው በ300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። በ2016 በጀት ዓመት ያስገባው ገቢ 93.7 ቢሊዮን ብር ስለነበር፣ ግምቱ ከአንድ ዓመት ገቢ ሦስት እጥፍ በጥቂቱ ይበልጣል። ገቢ ግን ትርፍ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የሚገዛ ሰው በደንበኛ ሳቢ መግለጫው (ኩባንያው ለአክሲዮን ገዢዎች ስለ ራሱ ባወጣው ሰነድ) ውስጥ ከደንበኞች ብዛት አስቀድሞ ዕዳውንና የማስፋፊያ ወጪውን ሊመለከት ይገባል።

ምክንያቱም ማማ ሲተከል፣ ፋይበር ሲቀበርና የኔትወርክ መሣሪያ ከውጭ ሲገባ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ፣ አብዛኛውም በውጭ ምንዛሪ ይወጣል፤ የሚመለሰው ግን ከአየር ሰዓትና ከጥቅል ሽያጭ፣ በብር፣ ጥቂት በጥቂት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን የዶላር ዕዳ ያለበት የቴሌኮም ድርጅት አንድም ማማ ሳይጨምር ዕዳው በብር ሲሰላ እጥፍ ወደ መሆን ተቃርቧል። ይህን አደጋ ከፉክክሩ በላይ ከባድ አድርጎ ማየት ተገቢ ይመስላል።

ፉክክሩ ራሱ ሁለት ገጽታ አለው። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገብቷል፤ ይሁን እንጂ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የኢትዮ ቴሌኮምን መሠረተ ልማት በኪራይ ስለሚጠቀም፣ ተፎካካሪው ለነባሩ ድርጅት የገቢ ምንጭም ነው።

አክሲዮኑን መልሶ መሸጥም ሌላው ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ገንዘባቸውን ያስገቡት መሸጫው ገበያ ገና ሳይከፈት ነው። ከዚህም ሌላ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ስለያዘ፣ ትርፉ ለባለአክሲዮን ይከፋፈል ወይስ ለማስፋፊያ ይዋል በሚለው ላይ የ33 አክሲዮን ባለቤት ድምፅ ሚዛን አይደፋም።