ሌሊት ለሚነቁ ወገኖቼ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለወርኀ ጽጌ በሰላም አደረሳችሁ።

ባለፈው እሑድ፣ ማኅሌቱ አልቆ ቅዳሴ ከተገባ በኋላ ያየሁትን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። አንዲት ወጣት እኅት ነጠላዋን እንደተከናነበች ዓምዱን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። አጠገቧ የነበሩ እናት ትከሻዋን ነቅነቅ አደረጉና፣ ሰው እየሰማ፣ «ሌሊቱን የት ስትዞሪ አድረሽ ነው እዚህ የምትተኚው?» አሏት። ልጅቷ አልመለሰችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ቆመች።

ከቅዳሴ በኋላ አነጋገርኳት። ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ፣ ቤቷ ሳትገባ ነው የመጣችው። የሥራ ልብሷን በፌስታል ይዛለች። እጇ ገና አልኮል አልኮል ይሸታል። «እሑድ ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነበር» አለችኝና ዕንባዋ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ሕመምተኛ ስታገላብጥ ያደረች ልጅ፣ በእግዚአብሔር ቤት እንደ ዘዋሪ ተቆጠረች።

ይህ አንድ ቀን የሆነ ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። ግን ብዙ እሰማለሁ። ጠዋት መንቃት የሚያቅተውን ልጅ «ሰነፍ» እንላለን። አልፎ ተርፎም «መንፈስ ነው የሚያስተኛው» እያልን እናስፈራራዋለን። ማታ ላይ አእምሮው ሲከፈት፣ ሲጽፍ፣ ሲያጠና፣ ሲሠራ የሚያየው ሰው ግን የለም፤ ሁላችንም ተኝተናላ!

እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር በአንጎላችን ውስጥ የጊዜ መቁጠሪያ አስቀምጧል። በዓይናችን ከሚገባው ብርሃን ጋር እየተስማማ፣ መቼ እንደምንነቃና መቼ እንቅልፍ እንደሚመጣብን የሚወስን ጥቂት ሴሎች የተሰባሰቡበት ቦታ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ ሰውነት በሴል ደረጃ ጊዜን እንዴት እንደሚቆጥር ፍራፍሬ ላይ በምታንዣብበው ትንሽ ዝንብ ላይ አጥንተው ነው። ለዝንብ እንኳ ሰዓት የሰጠ አምላክ! ይህ መቁጠሪያ በሁሉም ሰው እኩል አይሄድም። በአንዳንዱ ቀደም ይላል፣ በአንዳንዱ ይዘገያል፤ ከወላጅም ይወረሳል። በዕድሜም ይለወጣል። በጉርምስና ወደ ማታ ይገፋል፣ በእርጅና ወደ ንጋት ይመለሳል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አያት ነቅተው ዳዊት ሲደግሙ የልጅ ልጃቸው ሞቅ ያለ እንቅልፍ ላይ የሚሆነው ለዚህ ነው። አያትየው ስለ ጸደቁ፣ ልጁም ስለ ጠፋ አይደለም። በዚያ ላይ ሌሊት ጸጥታ አለ። ስልክ አይጠራም፣ ማንም «እስቲ አንዴ ና» አይልም። ቀን የተበተነ ሐሳብ ማታ ይሰበሰባል።

«ሰው ወደ ተግባሩ፣ እስኪመሽም ድረስ ወደ ሥራው ይወጣል» የሚለውን መዝሙር 103 ጠቅሰው የሚከራከሩኝ አሉ። እውነት ነው፣ ቀን ለሥራ ተሰጥቷል። ግን ያው ቅዱስ ዳዊት በመዝሙር 118 እኩለ ሌሊት ለምስጋና እንደሚነሣ ይነግረናል። ቤተ ክርስቲያናችንም ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን መንፈቀ ሌሊት ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። ጌታችን አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ከመምረጡ በፊት ሌሊቱን በሙሉ በጸሎት አድሯል። ጳውሎስና ሲላስ በእስር ቤት የዘመሩት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በዐሥሩ ደናግል ምሳሌ ሙሽራውም የመጣው እኩለ ሌሊት ነው።

እኔ ግን በዚህ ወር ልቤ የሚሄደው ወደ አረጋዊው ዮሴፍ ነው። ጽጌን የምናስበው የእመቤታችንን ስደት ይዘን አይደል? ማቴዎስ 2 ላይ መልአኩ በሕልም ታይቶ «ተነሣ፣ ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ» አለው። ዮሴፍም ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን በሌሊት ይዞ ሄደ። ይህን ቁጥር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዮሴፍ ጸራቢ ነው። የጸራቢ ሥራ የቀን ሥራ ነው፤ መጋዝና መጥረቢያ ብርሃን ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ ሽማግሌ ነው፣ ሲመሽ ጎኑ ማረፍ ይሻል። ደግሞም ሊል የሚችለው ብዙ ነበር። «ይንጋና ስንቅ እንያዝ።» «ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል።» «በጨለማ ምን መንገድ አለ?» አንዱንም አላለም። የሄሮድስ ሰይፍ ሳይደርስ፣ ጨለማው ገና ሳይገፈፍ፣ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ፣ ሰሎሜ ተከትላ፣ ሽማግሌው እየመራ ወጡ። ዮሴፍ በተፈጥሮው የሌሊት ሰው ነበር ብዬ አላስብም። ሌሊቱ ለልጁ ደኅንነት ስላስፈለገ ሰጠው። ይህን ሳስብ ዕንባዬ ይመጣል፤ አምላክን ከሞት ለማሸሽ እንቅልፉን የሰጠ ሰው!

እንግዲህ «እኔ ማታ ማታ ነው የሚሆንልኝ» የምትሉ ልጆቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልዙር። ማታ መንቃታችሁን አልነቅፍም። ያ ንቃት ስጦታ ነው። ግን ለማን እየሰጣችሁት ነው? እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ቲክቶክ ላይ ጣት ሲንሸራተት ማደር የተፈጥሮ ጉዳይ አይደለም። የስልኩ ብርሃን ራሱ ዓይን በኩል ገብቶ እንቅልፉን ያባርረዋል። ከዚያ ጠዋት «እኔ ተፈጥሮዬ ነው» ይባላል። ለፈተና ጥናት፣ ለፕሮጀክት፣ ለተከታታይ ፊልም የሚበቃ ሌሊት አላችሁ። ለአንዲት «አባታችን ሆይ» ሲሆን «በጣም ደክሞኛል» ትላላችሁ። ያሳዝናል። በጫት የሚገዛ ሌሊት ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ነገ የሚከፈል ብድር ነው። አውቃለሁ፣ ፈተና ደርሶ ጓደኛ ሲጠራ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ግን እምቢ በሉ፤ ሰውነታችሁ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው።

አባ አርሳንዮስን አስቡት። የነገሥታት ልጆች መምህር ሆኖ ቤተ መንግሥት የኖረ፣ ኋላ ሁሉን ትቶ በግብፅ በረሃ ወዳለው ገዳመ አስቄጥስ የገባ አባት ነው። ቅዳሜ ማታ ጀርባውን ለምትጠልቀው ፀሐይ ሰጥቶ፣ እጆቹን ዘርግቶ ለጸሎት ይቆማል። በማግስቱ ፀሐይዋ ወጥታ ፊቱ ላይ እስክታበራ ድረስ እንደዚያው ነው። እሱም ቢሆን ሥጋ ለባሽ ነበርና፣ በሌላው ሌሊት ንጋት ሲቃረብ እንቅልፍን «ና፣ አንተ ክፉ ባሪያ» ብሎ ተቀምጦ ጥቂት ያሸልባል። ቀን ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት ሰሌን ሲታታ ይውላል። ሌሊት ስለ ቆመ ቀኑን ማንም አልሠራለትም።

ማልዳችሁ የምትነሡ አባቶቼና እናቶቼ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለማለዳው የኪዳን ጸሎት ቀድማችሁ መድረሳችሁ ደስ ይለኛል። ግን ማለዳ መንቃት የቀለላችሁ ሰዎች፣ የቀለላችሁን ነገር የሌላው መፍረጃ አታድርጉት። ዓይኑ የደፈረሰ ሰው ስታዩ መጀመሪያ «እንዴት አደርክ?» በሉት። ምናልባት ዳቦ ቤት ሲጋግር፣ ግቢ ሲጠብቅ፣ ከጂቡቲ መስመር ሲነዳ ያደረ ይሆናል።

የሌሊት ተረኞች ሆይ፣ እናንተ ግን አትሸማቀቁ። በቤተልሔም የምሥራቹን ቀድመው የሰሙት በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ የነበሩ እረኞች ናቸው፤ ሥራቸው ላይ እያሉ ነው መልአኩ የመጣላቸው። በዐረብ አገር ያላችሁ እኅቶቼም፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ማድቤቱን አጥባችሁ ስትጨርሱ ነው የራሳችሁ የሆነ ጊዜ የምታገኙት። ያቺን ጥቂት ደቂቃ ከመተኛታችሁ በፊት ለእግዚአብሔር ስጡት። «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ካላችሁ በቂ ነው፣ ረጅም ካልሆነ ብላችሁ አትተዉት። ሁላችሁም ቀን ላይ በቂ እንቅልፍ ተኙ፤ የአባ አርሳንዮስ ገድል ሕመምተኛ ለምትጠብቅ ነርስ ሥርዓት ሆኖ አልተጻፈም። የሌሊት ሥራችሁን ለንስሐ አባታችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ለመቍረብ ስታስቡ ከቍርባን በፊት የሚጾመውን 18 ሰዓት ከተረኝነታችሁ ጋር እንዴት እንደምታስኬዱት፣ የትኛው የጸሎት ሰዓት ለእናንተ እንደሚመች፣ በጽጌ ጾም ምን ያህል እንደምትችሉ ከሳቸው ጋር ተመካከሩ። አባት የተሰጣችሁ ለዚህም ጭምር ነውና አትፈሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።