እንጉዳይ ስንቅ ሲቋጥር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ያለች ጓደኛዬ እንጉዳይ በቤቷ ማብቀል ጀምራለች። አሁን ደግሞ ስክለሮሺያ፣ ማለትም አንዳንድ እንጉዳዮች የሚሠሩትን ድንች የመሰለ ጠጣር ነገር፣ ማብቀል አምሯታል። ስናወራ የሰማኋቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«የእንጉዳዩ ፍሬ ነው።» አይደለም። ፍሬው ከላይ የምናየው፣ ጥላ የዘረጋው ክፍል ነው። ስክለሮሺያ ግን ስንቅ ነው። ፈንገሱ ክፉ ቀን ሲመጣበት ክሮቹን አጥብቆ ይቋጥራል። በጋውን እዚያው ተሸሽጎ ያልፍና ዝናብ ሲያገኝ እንደገና ያቆጠቁጣል።

«ማንኛውም እንጉዳይ ይሠራዋል።» በየቤቱ የለመድነው የኦይስተር እንጉዳይ አይሠራም። የሚሠራው ዘመዱ ፕሉሮተስ ቱበር-ሬጂየም ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ቡናማ ልጣጩን ያነሱና ነጩን ፈጭተው ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል። ሙቀት ስለሚወድ ከደሴ ብርድ ይልቅ ኮምቦልቻ ይሻለዋል። ወራትም ይፈጃል።

«እንጉዳዩ የሚበቅልበትን ጭድ ውሃ ማርከፍከፍ ይበቃል።» ጓደኛዬ ጭድ የሞላችበት የመጀመሪያ ፌስታል በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሻጋታ ለበሰ። ጭዱ መቀቀል አለበት። ከዚያ ተንጠፍጥፎ፣ በደንብ ቀዝቅዞ ነው ዘሩ የሚገባው። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ይውጣ። የሻገተውን ፋቅ አድርጎ መቀጠል አያዋጣም፤ ፌስታሉ ሳይከፈት ከቤት ይውጣ።

«ስክለሮሺያ ሁሉ ይበላል፤ ቢመርዝም እሳት ይገድለዋል።» እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ይሄ ስህተት ሰው ይገድላል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ የሰው ጣትና እግር እየጠቆረ፣ እየደረቀ የሚሞትበት በሽታ ተነስቶ ነበር። መንስኤው ኧርጎት የሚባል ፈንገስ ነው። ከእህሉ ጋር የተቀላቀለው ሲናር ይህን ፈንገስ ተሸክሞ ነበር። ኧርጎት የሲናሩ አበባ ውስጥ ይገባና በፍሬው ቦታ የራሱን ስንቅ ያስቀምጣል። እሱም ስክለሮሺያ ነው። መርዙ የደም ሥርን ያጠባል፤ ደም እጅና እግር ጫፍ ድረስ መድረስ ያቅተዋል። ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት፣ የምታጠባ እናትን ወተት ሊያደርቅ ይችላል።

ብታምሱት፣ ብትጋግሩት፣ መርዙ ጠፍቷል ብላችሁ አትመኑ።

የኧርጎትን ስክለሮሺያ እህል ውስጥ አይቶ «የአይጥ ኩስ ነው» ብሎ የሚያልፈውም አለ። እውነትም ይመስላል። ግን ሰፌድ ላይ አንዷን አንስታችሁ ስበሯት። ከላይ ጥቁር፣ ወደ ወይን ጠጅ የምታደላ፣ እንደ ቀንድ ጎበጥ ያለች፣ ከገብስ ፍሬ የረዘመች ናት። ውስጧ ነጣ ያለ ነው። ከተፈጨች በኋላ በዓይን አትለይም፤ ስለዚህ መልቀም ከወፍጮ በፊት ነው። የተለቀመውን ለዶሮም ለከብትም አትስጡ፤ እነሱንም ይመርዛል። ለዘር የምታስቀምጡት እህልም እንደዚሁ ይለቀም። ያቺ ጥቁር ስንቅ አፈር ውስጥ ከገባች ትበቅልና ቀጣዩን አዝመራ ትበክላለች።