1.4ጂ ምንድን ነው? የርችት ካርቶን ላይ ያለችው ቁጥር እና ሕጉ

የአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ ጁላይ 4 ሲቃረብ በየአውራ ጎዳናው ዳር የርችት ድንኳኖች ብቅ ይላሉ። ከሻጩ ጀርባ የተደረደሩትን ካርቶኖች ጎን ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ብርቱካናማ ምልክት ውስጥ «1.4ጂ» የሚል ጽሑፍ አለ። ገዢው የሚያየው ቀለሙንና ዋጋውን ነው። ርችቱ ያለ ፈቃድ ወረቀት ለማንም አዋቂ ሊሸጥ የቻለው ግን በዚያች ቁጥር ምክንያት ነው።

ቁጥሯ የአደጋ ደረጃ ናት። አደገኛ ዕቃዎች እንዴት እንደሚጓጓዙ በተባበሩት መንግሥታት በወጣው አመዳደብ «1» ፈንጂ ማለት ነው። ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ደግሞ ዕቃው እሳት ቢነካው ምን እንደሚሆን ይናገራል። 1.1 የተባለው ክምሩ በሙሉ ባንዴ ይፈነዳል። 1.3 የተባለው በኃይል ይነዳል፣ ፍንዳታው ግን ያን ያህል አይደለም። 1.4 የተባለው ጉዳቱ በአብዛኛው ከማሸጊያው አይርቅም። «ጂ» የምትለዋ ፊደል ውስጡ ያለው ለብርሃን፣ ለድምፅ ወይም ለጭስ የተቀመመ ነገር መሆኑን ታሳያለች። በስታዲየምና በወንዝ ዳር የሚተኮሰው ትልቁ ርችት 1.3ጂ ሲሆን፣ እሱን ለመግዛትና ለማከማቸት ከፌዴራሉ የፈንጂ ተቆጣጣሪ ቢሮ ከኤቲኤፍ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ይህ ደረጃ የተሰጠው እጅ ላይ ላለችው አንዲት ርችት አይደለም፤ በካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገች ላለችው ነው። ስለዚህ 1.4 ማለት «አያቃጥልም» ማለት አይደለም።

ደረጃው ሲዛባ የሚሆነውን በደንብ የምታውቅ ከተማ በኔዘርላንድስ አለች፤ ኤንስኬዴ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 2000፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በመኖሪያ ሰፈር መካከል የነበረ የርችት መጋዘን እሳት ተነሳበት። ርችት ወደ ሰማይ ሲወነጨፍ ያየ ሰው ካሜራውን ይዞ ለማየት ወጣ። ከዚያ ኮንቴይነሮቹ ተያያዙና መጋዘኑ በሙሉ ፈነዳ። 4 የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጨምሮ 23 ሰዎች ሞቱ፣ ከ900 በላይ ቆሰሉ፣ ወደ 400 የሚሆኑ ቤቶች ወደሙ። ፈቃዱ በዋናነት ለቀላሉ ዓይነት የተሰጠ ነበር። በምርመራው እንደታየው ግን ከተከማቸው ብዙው በወረቀት ከተጻፈለት ደረጃ የከበደ ነበር። እሳት ለማጥፋት የገቡት ሰዎች ምን ዓይነት ነገር ፊት እንደቆሙ አላወቁም። ስለ ርችት ቁጥጥር ሲወራ «ቢሮክራሲ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። ደረጃው ብቻውን አይበቃም፤ ለሸማች የሚሸጠው እያንዳንዱ ርችት ውስጥ ምን ያህል ቅመም እንደሚገባ የሚወስነው የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ነው። መሬት ላይ ሆና «ጧ!» የምትለዋ ርችት ከ50 ሚሊግራም በላይ የሚፈነዳ ቅመም መያዝ አትችልም። የሁለት ፍሬ ሩዝ ክብደት ያህል ነው። የፈትሉ ጊዜም ተወስኗል፤ ከተለኮሰ በኋላ ቢያንስ 3 ሰከንድ፣ ቢበዛ 9 ሰከንድ ነዶ መድረስ አለበት። ከ3 ካነሰ ለኳሹ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ከ9 ከበለጠ ደግሞ «ጠፋ እንዴ?» ብሎ ሊያየው ተመልሶ ያጎነብስበታል። የሰውን ጠባይ አጥንቶ የተጻፈ ደንብ ይመስለኛል።

በእንዲህ ዓይነት ወሰን ምክንያት ከገበያ የወጣው ታዋቂው ዕቃ ኤም-80 ነው። መጀመሪያ ለጦር ሠራዊት ልምምድ የተኩስ ድምፅ እንዲያስመስል የተሠራ ሲሆን፣ 3 ግራም ገደማ ቅመም ይይዛል፤ ዛሬ ከተፈቀደው 60 እጥፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለሸማች እንዳይሸጥ ታገደ። ዛሬም ከመኪና የኋላ ኮፈን በድብቅ የሚሸጥ አይጠፋም። የአምራች ስምና ማስጠንቀቂያ የሌለው፣ በተራ ቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ካያችሁ አትንኩት።

በአንጻሩ ሁሉም የሚንቃት በእጅ የምትያዘው ብልጭልጭ ዘንግ ናት። አትፈነዳም፣ አትበርም፣ ለልደት ኬክ እንኳ ትሰካለች። የምትነደው ግን በ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ አንዳንድ ብረት ያቀልጣል። ለሦስት ዓመት ሕፃን እጅ ላይ የምትሰጠዋ እሷ መሆኗ ሁሌም ይገርመኛል።

አሁን የእኛን ሰዎች በቀጥታ ወደሚነካው ጉዳይ። የፌዴራሉ ሕግ ጣሪያውን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ክፍለ ግዛቱ፣ ካውንቲው፣ ከተማው ከዚያ በታች የፈለገውን ይከለክላል። ማሳቹሴትስ ሁሉንም፣ ብልጭልጯንም ጭምር ለግለሰብ ከልክላለች። ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይነዱ ሦስት ዓይነት ሕግ ውስጥ ይገባል። ስልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ማንኛውንም የሸማች ርችት ይከለክላል፣ ጎረቤቱ ፕሪንስ ጆርጅስም እንደዚያው። ድንበሩን ተሻግረው ዲሲ ሲገቡ አጫጭር ብልጭልጮችና መሬት ላይ ሆነው የሚረጩት ይፈቀዳሉ፤ የሚፈነዳና የሚወነጨፍ አይፈቀድም። ቨርጂኒያ ውስጥም የማይፈነዳው ይሸጣል፣ ሆኖም አሌክሳንድሪያ ከተማ ከደረሱ ሁሉም ክልክል ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው የፔንሲልቬንያ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ እዚያ ያሉ ሱቆች ትልልቆቹን የሚወነጨፉ ርችቶች የሚሸጡት መታወቂያ አይተው ለሌላ ክፍለ ግዛት ሰው ነበር፤ ለራሳቸው ነዋሪ ክልክል ነበር። ገንዘቡ እኛ ጋ ይቅር፣ ጣት የሚቆረጠው ሌላ ቦታ ይሁን እንደማለት ነው። ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ነዋሪውም ይገዛል፣ የሜሪላንድ ሰውም መኪናውን ሞልቶ ይመለሳል።

ክልከላው ይሠራል ወይ? የእ.ኤ.አ. 2020 ቁጥሮች አንድ ነገር ይጠቁማሉ። በኮቪድ ምክንያት ከተሞች የሚያዘጋጁት ትርዒት ሲሰረዝ ሰው በየግቢው መተኮስ ጀመረ። የሸማቾች ደህንነት ኮሚሽኑ በዚያ ዓመት 18 ሞትና ወደ 15,600 የሚገመት የድንገተኛ ክፍል ታካሚ መዘገበ። ትርዒቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በ2023፣ ወደ 8 ሞትና 9,700 ገደማ ታካሚ ወረደ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም። ግን ለሰው የሚያየው ነገር ሳይሰጡ «አትተኩስ» ማለት ከባድ እንደሆነ ያሳየኛል።

አዲስ አበባ ላይ በመስቀል ደመራ ሰሞን ፖሊስ ርችት አትተኩሱ ሲል የሚያሳስበው ከዚህ የተለየ ጉዳይ ይመስለኛል። እዚያ የሚያስፈራው የቅመሙ ሚሊግራም አይደለም፤ በተጨናነቀ ሕዝብ መሀል ድንገት የሚሰማ «ጧ!» የሚያመጣው መደናገጥና መረጋገጥ ነው።

ከፔንሲልቬንያ ለሚመለሰው መኪና አንድ ነገር ልጨምር። ቦታ እንዲቆጥብ ብሎ ካርቶኑን ቀዶ፣ ርችቱን አፍስሶ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ የከመረ ሰው 1.4ጂ የሚባል ነገር ይዞ እየሄደ አይደለም። ያ ደረጃ የተሰጠው ለማሸጊያው ጭምር ስለሆነ ካርቶኑ ጋር አብሮ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀርቷል።