ስለ ማምረት አቅም ኩርባ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ አገር ያላትን መሬት፣ ጉልበት፣ ማሽንና ዕውቀት አሟጣ ብትጠቀም ሁለት ዓይነት ምርቶችን ቢበዛ በምን ያህል መጠን አጣምራ ማምረት እንደምትችል የሚያሳየው መስመር የማምረት አቅም ኩርባ ይባላል። ከኢኮኖሚክስ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ተማሪው ቶሎ ያልፈዋል፤ ብዙ ጊዜ በስህተት የሚተረጎመውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመኪና ወደ ጦር መሣሪያ ያደረገችው ሽግግር ስህተቶቹን ለማረም ይመቻል።

በጣም የተለመደው «አንዱን ለመጨመር ምንጊዜም ከሌላው መቀነስ ግድ ነው» የሚለው ነው። ይህ የሚሠራው ኢኮኖሚው ኩርባው ላይ ሲሆን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ከአሜሪካ የሰው ኃይል 14.6 በመቶው ሥራ አጥ ስለነበር ኢኮኖሚው ከኩርባው በታች ነበር፤ በመሆኑም በ1941 የጦር መሣሪያ ምርት እየጨመረ ሳለ ፋብሪካዎቹ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የቤት መኪናዎችንም ሠርተዋል። ምርጫው የከበደው ሥራ የፈታው ጉልበትና ማሽን እያለቀ ሲሄድ ነው፤ በፌብሩዋሪ 1942 የቤት መኪና ምርት እንዲቆም ተደረገ፤ በ1944 ሥራ አጥነት ወደ 1.2 በመቶ ወረደ።

የምርጫን ዋጋ በገንዘብ ብቻ መለካትም ስህተት ነው። ምርቱ ሲቆም በእጅ የቀሩት አዳዲስ መኪናዎች በራሽን ይሸጡ ስለነበር ገንዘብ ያለው ሁሉ አያገኝም፤ ፈቃዱ እንደ ሐኪም ላሉ፣ ሥራቸው አስፈላጊ ነው ለተባሉ ሰዎች ይሰጥ ነበር። በመኪና ፋንታ የተሠራ የጦር አውሮፕላን ዋጋ እንግዲህ መንግሥት የከፈለው ዶላር ሳይሆን በእሱ ምክንያት ሳይሠራ የቀረው መኪና ነው።

«አንዱን ምርት ለመጨመር ከሌላው የሚተወው መጠን ሁልጊዜ እኩል ነው» የሚሉም አሉ፤ እንዲያ ቢሆን መስመሩ ቀጥ ባለ ነበር። የጭነት መኪና ፋብሪካን ለሠራዊቱ የጭነት መኪና እንዲያመርት ማዞር ብዙ አያስከፍልም፤ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ግን ሌላ ነገር ነው። የመኪና አምራቹ ፎርድ ሚሺጋን ውስጥ ዊሎው ራን በተባለ ስፍራ ቢ 24 አውሮፕላኖችን ለመሥራት ሲነሣ፣ ብረት መቅረጽ የለመደው የመኪና አሠራር ከአሉሚኒየሙና በየጊዜው ከሚለዋወጠው ንድፍ ጋር ባለመጣጣሙ መጀመሪያ ላይ ምርቱ እጅግ አዝጋሚ ነበር። ለአንድ ሥራ የሚመች ሀብት ለሌላው እኩል ስለማይመች፣ ወደ አንዱ ምርት በገፉ ቁጥር የሚተወው እየጨመረ ይሄዳል፤ ኩርባው ወደ ውጭ የሚጎብጠውም ለዚህ ነው።

ያው ፋብሪካ በ1944 በሰዓት ወደ አንድ አውሮፕላን የሚጠጋ ማምረት መጀመሩ ደግሞ ኩርባው ቋሚ ነው ለሚሉት መልስ ይሆናል፤ ሠራተኛው ሲለምድና አሠራሩ ሲሻሻል መስመሩ ራሱ ወደ ውጭ ይሰፋል።

ኩርባው የትኛው ነጥብ እንደሚሻል አይናገርም። ሁሉም መኪና ወይም ሁሉም አውሮፕላን የሆነበት ጫፍም እንደ መካከለኛው ነጥብ ሁሉ ሀብቱ ሳይባክን የተመረተበት ነው፤ መምረጡ የፖለቲካ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻም ከኩርባው ውጭ ማምረት ባይቻልም መጠቀም ይቻላል። ብሪታንያ ከማርች 1941 ጀምሮ አሜሪካ ለአጋሮቿ ዕቃ ባቀረበችበት የብድርና ኪራይ ሕግ የጦር መሣሪያ፣ የቆርቆሮ ሥጋና የእንቁላል ዱቄት ስታገኝ፣ ፋብሪካዎቿንና እርሻዋን ብቻ ይዛ ልትደርስበት ከምትችለው በላይ ተዋግታለች፣ በልታለችም።