«ለ40 ሜዲካል ስኩል ካመለከትኩ አንዱ አይጠፋም» እና መሰል የተሳሳቱ አመለካከቶች

አሜሪካ ውስጥ ሜዲካል ስኩል መግባት የሚፈልጉ የሐበሻ ልጆችን ማመልከቻ ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ። ሜይ በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጨናነቃል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። «ጂፒኤዬ ዝቅ ያለ ነው፣ ኤምካቴም ያን ያህል አይደለም። ለስንት ላመልክት?» ኤምካት የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው ነው። መልሱን ግን ከእኔ አይጠብቁም፤ ይዘውት ነው የሚመጡት። 40። አንዳንዴም 50።

ዝቅ ያለ ስንል ከምን እንደሆነ እንነጋገር። አምካስ ማለት ማመልከቻችሁን አንዴ ሞልታችሁ ለመረጣችኋቸው የኤምዲ (የተለመደው የሕክምና ዶክተር ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች የሚያሰራጭላችሁ ማዕከል ነው። በቅርብ ዓመታት በእሱ በኩል በዓመት ወደ 52 ሺህ ሰው ያመለክታል። የሚገባው ወደ 23 ሺህ ነው። የገቡት ልጆች አማካይ ጂፒኤ ከ3.75 ከፍ ይላል፤ ኤምካታቸው ደግሞ 511 ወይም 512 አካባቢ ነው። ስለዚህ 3.3 እና 503 ይዛችሁ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። አትደንግጡ፣ ግን ራሳችሁንም አታታልሉ።

«ብዙ ባመለከትኩ ቁጥር እድሌ ይጨምራል»

ይህቺ ነች ደሜን የምታፈላው። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ የአንድ ትምህርት ቤት እድል 5 ከመቶ ከሆነ፣ ለ40 ሳመለክት ቢያንስ አንዱ የሚቀበለኝ እድል 87 ከመቶ ይሆናል። ይህን ሠርቶ ስክሪንሾቱን የላከልኝ ልጅ አለ። ስሌቱ ልክ ነው። የሚሠራው ግን ዳይስ ለሚጥል ሰው ነው። ዳይስ እያንዳንዱ ውርወራ ለብቻው ነው። 40ዎቹ ትምህርት ቤቶች ግን የሚያዩት ያንኑ አንድ ፋይል ነው። አንደኛው በሳይንስ ጂፒኤያችሁ ምክንያት ወደ ጎን ካደረጋችሁ፣ አሥረኛውም ሠላሳኛውም በዚያው ምክንያት ሊያደርጋችሁ ይችላል። ድክመቱ አብሯችሁ ነው የሚዞረው።

ደግሞስ ያቺ 5 ከመቶ ከየት መጣች? ለዚያ ትምህርት ቤት ያመለከቱት ሁሉ ተደምረው የወጣች አማካይ ነች። 3.9 ያለውም እዚያ ውስጥ አለ፣ የግዛቱ ተወላጅም አለ። የእናንተ ድርሻ ግማሽ ከመቶ ሊሆን ይችላል። ዜሮም ሊሆን ይችላል።

ዜሮ ስል እያጋነንኩ አይደለም። የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ስኩል የሚያስገባው የሚሲሲፒ ነዋሪዎችን ነው። ኖርዝ ካሮላይና ያለው ብሮዲም የሚቀበለው የግዛቱን ልጆች ብቻ ነው። «ታዲያ የግሎቹ ላይ አተኩራለሁ» ትሉ ይሆናል። ጆርጂያ ያለው መርሰር የግል ነው፤ ግን ከጆርጂያ ካልሆናችሁ ቦታ የለውም። የቴክሳስ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቢያንስ 90 ከመቶውን ወንበር ለቴክሳስ ነዋሪዎች እንዲሰጡ በሕግ ይገደዳሉ።

አንዲት ከሜሪላንድ የመጣች ልጅ ነበረች፤ 3.3 እና 503። ለ42 ትምህርት ቤቶች አመልክታ አንድም ኢንተርቪው ሳታገኝ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ዝርዝሯን ሳየው ግማሽ ያህሉ የሌላ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው። «እንዴት መረጥሻቸው?» አልኳት። አማካይ ኤምካታቸው ዝቅ ያለውን ከታች ጀምራ ነው የወሰደችው። ይህ ብልጠት ይመስላል፤ ሁሉም ይሠራዋል። ግን አስቡት፦ የብዙዎቹ አማካይ ዝቅ ያለው የራሳቸውን ግዛት ልጆች ስለሚያስቀድሙ ነው። ያ ዝቅታ ለጎረቤት ልጅ የተከፈተ በር ነው፤ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የሚጠይቁት ውጤት አንዳንዴ ከአማካዩ በጣም ይበልጣል። ልጅቷ ለዚህ ትምህርት ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ከፈለች።

ስለዚህ ቁጥሩን ተዉትና ዝርዝሩን ሥሩ። ኤምሳር የሚባለው የአምካስ ባለቤቶች የሚያወጡት መረጃ በዓመት ክፍያ የሚታይ ነው፤ ከአንድ ሰከንደሪ (ከአምካስ በኋላ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱ የሚልከው ተጨማሪ ማመልከቻ) ዋጋ ያነሰ ነው፣ አትሰስቱ። እዚያ ላይ መጀመሪያ አማካዩን አትዩ። የታችኛውን ጫፍ፣ ማለትም 10ኛውን ፐርሰንታይል (ከተቀበሏቸው 10 ከመቶው ብቻ ከሱ በታች የሆኑበትን ውጤት) ዩ። እናንተ ከዚያ በታች ከሆናችሁ ትምህርት ቤቱን ዝርዝራችሁ ውስጥ ለማስገባት ልዩ ምክንያት ያስፈልጋችኋል። ቀጥሎ ከግዛት ውጪ ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ ኢንተርቪው ተጠራ፣ ስንቱ ገባ የሚለውን ዩ። 5 ሺህ አመልክቶ 6 ሰው የገባበትን ቦታ ሰርዙ። ከዚያ ተልዕኳቸውን አንብቡ። ገጠር የሚሠራ ሐኪም ማፍራት የሚፈልግ ትምህርት ቤት አለ፣ ምርምር የሚፈልግ አለ፣ ሎማ ሊንዳ ደግሞ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ለዚህ ሁሉ ፋይላችሁ ውስጥ ማስረጃ ከሌለ ድርሰት አያድናችሁም። በዚህ መንገድ ብትሄዱ 40ው ራሱ ወደ 18 ወይም 20 ይወርዳል። ማንም ቁጥር ሳይነግራችሁ።

ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል አረፈች። ማረፍ ስል ከማመልከት ነው እንጂ ከበድ ያሉ የባዮሎጂ ኮርሶች ወስዳ ኤ አመጣች፣ ኤምካቱን ደግማ 510 አገኘች። በሚቀጥለው ዙር ለ24 አመለከተች፣ 9ኙ ዲኦ (ከኤምዲ ሌላ ያለው የሐኪምነት ዲግሪ) ነበሩ። ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ነች። ለውጡን ያመጣው ከ42 ወደ 24 መውረዱ አይደለም። ፋይሉ ነው የተቀየረው።

«ሰከንደሪ ላኩልኝ፣ ወደውኛል ማለት ነው»

አይደለም። አብዛኞቹ ለሁሉም ይልካሉ። ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 150 ዶላር ያስከፍላሉና ቢልኩ ምን ይጎዳቸዋል?

ሒሳቡን እንሥራው። አምካስ ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት 175 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ከ45 ዶላር በላይ ይጠይቃል። 40 ሲሆን ወደ 2 ሺህ ዶላር ነው። ሰከንደሪውን በ100 ብናስበው ሌላ 4 ሺህ። ግን ገንዘቡ ከሁሉም አይብስም። እያንዳንዱ ሰከንደሪ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ድርሰት ይጠይቃል። ጁላይና ኦገስት ላይ ከመቶ በላይ ድርሰት ትጽፋላችሁ ማለት ነው። አትጽፉም። ኮፒ ፔስት ታደርጋላችሁ። «ለምን እኛን መረጥክ?» ለሚለው ጥያቄ የሌላ ትምህርት ቤት ስም ያለበት መልስ የላከ ልጅ አውቃለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ደክሞት ነው። ጠንካራ ተማሪ ደከም ያለ ድርሰት ቢልክ ውጤቱ ሊሸፍንለት ይችላል። እናንተን የሚሸፍናችሁ የለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በደንብ ጽፋችሁ መመለስ የማትችሉትን ሰከንደሪ አትክፈሉበት።

«ሃዋርድ አለ፣ ጂደብሊው አለ፣ እነሱ የእኛ ሰፈር ናቸው»

ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ይህን ይላል። ጆርጅታውንና ጆርጅ ዋሽንግተን (ጂደብሊው) የግል ናቸው፤ ሰፈርተኛ ስለሆናችሁ የሚያደሉላችሁ ነገር የለም። እያንዳንዳቸው በዓመት ከ10 ሺህ በላይ ማመልከቻ ይደርሳቸዋል፣ የሚያስገቡት 200 አካባቢ ነው። ሃዋርድም ቢሆን በሺዎች ከሚያመለክቱት ውስጥ መቶና ትንሽ ፈቀቅ ያለ ሰው ነው የሚወስደው። ተልዕኳቸው ከእናንተ ሕይወት ጋር የሚገጥም ከሆነ በታሪክ የጥቁሮች ትምህርት ቤት የሆኑትን ሃዋርድን፣ ሜሃሪን፣ ሞርሃውስን በእርግጥ አስገቡ። ግን «መጠባበቂያ» ብላችሁ አትጥሯቸው። ለደካማ አመልካች መጠባበቂያ የሚባል ሜዲካል ስኩል የለም።

«ዲኦ ዶክተር አይደለም»

ይህን የሚሉኝ ልጆቹ ሳይሆኑ ወላጆች ናቸው። አንዲት እናት «ልጄን ለዚህ ነው ያሳደግኩት?» ብለውኛል። እማማ፣ የዲኦ ሐኪም በ50ውም ግዛት ሙሉ ፈቃድ አለው፤ ያክማል፣ መድኃኒት ያዝዛል፣ ቀዶ ጥገና ይሠራል። ከ2020 ጀምሮ የኤምዲና የዲኦ ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠና) በአንድ የዕውቅና ሥርዓት ሥር ነው። በ2024 ማች (ተመራቂዎች ለሬዚደንሲ የሚመደቡበት ሥርዓት) የኤምዲ ተመራቂዎች 93.5 ከመቶ፣ የዲኦዎቹ 92.3 ከመቶ ቦታ አግኝተዋል። ውጭ አገር፣ በአብዛኛው ካሪቢያን፣ ተምረው የመጡ አሜሪካውያን ግን 67 ከመቶ ናቸው። እንግዲህ «ዲኦ ከምገባ ካሪቢያን እሄዳለሁ» የሚለው ፈሊጥም እዚሁ ይቅር።

ዲኦ ያለመጨመር ደካማ አመልካች ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ስህተት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ዲኦ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የተደገመ ኮርስ የድሮውን ውጤት ይሰርዝላችኋል የሚባለው ወሬ ጊዜው አልፏል። ይህ በ2017 ቀርቷል። ኤፍ ካለባችሁ ኤፉም ይቆጠራል።

አጫጭሮቹ

«አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያመጣሁት ውጤት ጂፒኤዬን ያነሳዋል።» የውጭ አገር ውጤት አምካስ በሚያሰላው ጂፒኤ ውስጥ አይገባም።

«ግሪን ካርዱ እስኪመጣ አመልክቼ እቆያለሁ።» ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትምህርት ቤቶች ማመልከቻችሁን አያዩትም። መጀመሪያ የየትምህርት ቤቱን ሕግ አንብቡ።

«ዘንድሮ ሞክሬ ባይሳካ ምን አለበት?» አለበት። በድጋሚ ማመልከታችሁን ያዩታል፣ ምን ተቀየረ ብለውም ይጠይቃሉ። ስንት ጊዜ ማመልከት እንደሚቻል የሚገድቡም አሉ።

«ኦክቶበርም ቢሆን ይደርሳል።» የመዝጊያ ቀኑ ይደርሳል። ወንበሩ ግን እየሞላ ነው የሚሄደው፤ ጁን ላይ ለ20 መላክ ኦክቶበር ላይ ለ40 ከመላክ ይሻላል።

እሺ፣ ስንት ታዲያ?

ካልነገርኳችሁ አትለቁኝም። ፋይላችሁ ዘንድሮ ዝግጁ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ኤምዲ፣ ከ8 እስከ 12 ዲኦ። የግዛታችሁን ትምህርት ቤቶች በሙሉ መጀመሪያ አስገቡ። ካሊፎርኒያ ከሆናችሁ የኤምዲውን ቁጥር ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ ግዛት ኤምዲ የሚገቡት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚማሩት ሌላ ግዛት ሄደው ነው። ቴክሳስ ከሆናችሁ እድለኞች ናችሁ፤ የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው፣ ክፍያውም ለአንድም ሆነ ለሁሉም ያው ነው። የኤምካት ውጤት እየጠበቃችሁ ከሆነ አምካስን ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ላኩት። ትራንስክሪፕታችሁ በዚያ ይጣራል፣ ይህ ራሱ ሳምንታት ይወስዳል። ውጤቱ ሲወጣ የቀሩትን ትጨምራላችሁ፤ መጥፎ ከሆነም የከፈላችሁት ለአንዱ ብቻ ነው።

ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የአምካስ ባለቤቶች የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም አላቸው። ካገኛችሁት እስከ 20 ትምህርት ቤት በነፃ ያስልካችኋል፣ ኤምሳርም ነፃ ይሆናል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም የሰከንደሪውን ይተዉላችኋል። ጥያቄውን ግን ማመልከቻውን ከመላካችሁ በፊት አቅርባችሁ ማስጸደቅ አለባችሁ። ከላካችሁ በኋላ ቢፈቀድላችሁ የከፈላችሁትን አይመልሱም።