ዴቪድ ዲን፦ ቬንገርን ወደ አርሰናል ያመጣው ሰው

የእንግሊዙ ክለብ የአርሰናል ደጋፊ አሰልጣኙን ቬንገርን ያውቃል። ተጫዋቾቹን ቤርካምፕን፣ ቪየራን፣ ሄንሪን ያውቃል። ከእነዚህ ሁሉ ዝውውሮች ጀርባ የነበረውን ሰው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ዴቪድ ዲን ይባላል። ከ1983 እስከ 2007 በክለቡ አመራር ውስጥ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ በምክትል ሊቀመንበርነት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የክለብ አመራር ሥራ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ሰው አይመጣልኝም።

ዲን በ1943 ለንደን ተወለደ። መጀመሪያ ከካሪቢያን አገሮች የሚመጣ ፍራፍሬና አትክልት ነገደ፣ ቀጥሎ ወደ ስኳር ንግድ ገባ። ከልጅነቱ አርሰናልን ይደግፍ ነበር። በ1983 የክለቡን 16.6 በመቶ አክሲዮን በ292 ሺህ ፓውንድ ገዛ። የወቅቱ ሊቀመንበር ፒተር ሂል-ዉድ ሰውየውን እብድ ነው አለው፤ ብሩም የሞተ ገንዘብ ነው አለ። ያኔ አባባሉ ብዙ ሰው የሚስማማበት ነበር። ስታዲየሞቹ ያረጁ ናቸው፣ የቴሌቪዥን ገቢው ትንሽ ነው፣ ረብሻው የበዛ ነው። ዲን ግን መግዛቱን ቀጠለ። በ1991 ድርሻው 42 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ለአልማዝ ነጋዴው ለዳኒ ፊዝማን መሸጥ ጀመረ። ይህ ሽያጭ ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎታል።

ፕሪሚየር ሊግ ሲመሠረትም እጁ አለበት። በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም ደጋፊዎች ተጨናንቀው ከሞቱበት አደጋ በኋላ ክለቦች ተመልካቹ ሁሉ የሚቀመጥበት ስታዲየም እንዲኖራቸው ተጠየቀ። ገንዘብ ከየት ይምጣ? ያኔ ትልልቅ አምስት የሚባሉት አርሰናል፣ ቶተንሃም፣ ሊቨርፑል፣ ኤቨርተንና ማንችስተር ዩናይትድ መመካከር ጀመሩ። ከሐሳቡ ዋና አራማጆች አንዱ ዲን ነበር። አዲሱ ሊግ በ1992 በ22 ክለቦች ተጀመረ። የቴሌቪዥን መብቱ ድምፅ ሲሰጥበት ዲን ከቴሌቪዥን ጣቢያው ከአይቲቪ ጎን ቆመ፤ ያሸነፈው ግን ተፎካካሪው ስካይ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እስከ ባህር ዳር ሰው ዲኤስቲቪ ቤት ተሰብስቦ የሚያየው ሊግ ያ ነው።

ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ግን ቬንገርን ማምጣቱ ነው። ጥር 2 ቀን 1989 አርሰናል በያኔው ስታዲየሙ በሃይበሪ ከቶተንሃም ጋር ይጫወታል። ያኔ የሞናኮ አሰልጣኝ የነበረው ቬንገር ከቱርክ ሲመለስ ለንደን ላይ አንድ ሌሊት ያርፍ ነበርና ጨዋታውን ሊያይ መጣ። ዲን ተዋወቀው፣ ማታ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው፣ ወዳጁ ቤት እራት ይዞት ሄደ። እዚያ ያለ ቃል፣ በእንቅስቃሴ ብቻ የሚገመት ጨዋታ ነበር። ቬንገር ቋንቋው ባይሆንም ተነስቶ የአንድ ታዋቂ ተውኔት ርዕስ በምልክት አሳየ። ዲን ሰውየውን ልቡ ወደደው። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ በሄደ ቁጥር የሞናኮን ጨዋታ ያይ፣ ሥራውን ይከታተል ነበር።

በ1995 ጆርጅ ግርሃም ከአንድ ወኪል ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ሲሰናበት፣ ዲን ቬንገርን ለቦርዱ አቀረበ። ቦርዱ የውጭ አሰልጣኝ ፈራና ብሩስ ሪዮክን መረጠ። ዲን አላኮረፈም፤ ጠበቀ። በ1996 ሪዮክ ሲነሳ እንደገና ያንኑ ስም ይዞ ገባ። ቬንገር በጃፓን ናጎያ ግራምፐስን ያሠለጥን ነበር። ሲመጣ የእንግሊዝ ጋዜጦች "ደግሞ ማነው?" አሉ። በ1998 ሊጉንና የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ኤፍኤ ካፕን አንድ ላይ ወሰደ፣ በ2002 ደገመው። በ2003/04 ቡድኑ 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ሊጉን ጨረሰ። አንድን ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ ልብ ውስጥ ይዞ መቆየትና ጊዜው ሲደርስ ማስፈረም፣ ለእኔ የአመራርነት ትልቁ ችሎታ ይህ ነው።

ሁለቱ ሥራቸውን ተከፋፍለው ነበር። ቬንገር ማንን እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ዋጋውን ተደራድሮ የሚጨርሰው ዲን ነው። የሶል ካምቤል ዝውውር ዝነኛው ነው። የባላንጣው የቶተንሃም አምበል፣ በጠላት ሰፈር! ዲን ማታ ማታ ቤቱ አካባቢ በጨለማ ከተጫዋቹ ጋር እየተራመደ አወራው። በ2001 ጋዜጠኞች ግብ ጠባቂው ሪቻርድ ራይት ይተዋወቃል ብለው ሲጠብቁ ካምቤል በሩን ከፍቶ ገባ። ለቶተንሃም አንድ ሳንቲም አልተከፈለም፣ ውሉ አልቆ ነበርና።

ሁሉም ሐሳቡ ግን አልያዘለትም። አዲስ ስታዲየም ከመሥራት ይልቅ ብሔራዊውን ስታዲየም ዌምብሌይን መጠቀም ይሻላል ይል ነበር። አዲሱ ስታዲየም ኤምሬትስ በ2006 የተከፈተው በዋናነት በፊዝማን ግፊት ነው። ለሴቶች ቡድን ግን ገና ብዙ ክለብ ዞር ብሎ ሳያያቸው ይደግፍ ነበር።

ፍጻሜው መራራ ነው። ክለቡ ከቼልሲ ጋር ለመወዳደር ትልቅ ባለሀብት ያስፈልገዋል ብሎ አሜሪካዊውን ስታን ክሮንኬን አቀረበ። ቦርዱ ተቆጣ። ሚያዝያ 2007 ከሥራው ወጣ። የእጁ አክሲዮን ከ15 በመቶ በታች ወርዶ ስለነበር የሚመክትበት አቅም አልነበረውም። በዚያው ዓመት ድርሻውን ለባለሀብቱ ለእነ አሊሸር ኡስማኖቭ ኩባንያ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። የሚያሳዝነው ደግሞ ያ "አንፈልገውም" የተባለው ክሮንኬ በ2011 የክለቡ ዋና ባለቤት መሆኑ ነው። ቬንገርም አብሮት ሊለቅ ነበር፤ እንዲቆይ የመከረው ራሱ ዲን ነው። ሄንሪ በዚያ ክረምት ወደ ባርሴሎና ሲሄድ የዲንን መልቀቅ እንደ አንድ ምክንያት አነሳ።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝ የ2018 ዓለም ዋንጫን ለማዘጋጀት ባደረገችው ሙከራ ተሳተፈ፤ ሁለት ድምፅ ብቻ ተገኘ። በ2018 ደግሞ ክለቦችን ከእስር ቤቶች ጋር የሚያገናኝ ፕሮጀክት ጀመረ፤ የክለብ ባለሙያዎች እስረኞችን በአሠልጣኝነት ያሠለጥናሉ።

አርሰናል እሱ ብቻውን ይሠራው የነበረውን ሥራ ለብዙ ሰው አከፋፈለው። ኢቫን ጋዚዲስ በ2009 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ መጣ። በ2019 የዚያ የማይሸነፈው ቡድን አማካይ የነበረው ኤዱ የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆነ። እሱ በ2024 መጨረሻ ሲለቅ አንድሪያ ቤርታ በ2025 በስፖርት ዳይሬክተርነት ተተካ።